ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የሚሰጡ የብድርና የድጋፍ አገልግሎቶች፦ ለማጀቴና ለይፋት ቆላ ነዋሪዎች

ጠቅላላ መግለጫ

በሰሜን ሸዋ ዞን በማጀቴ፣ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢያቸው አነስተኛ ሥራ ለመጀመር ወይም የጀመሩትን ለማስፋፋት የሚፈልጉ ዜጎች የሚያገኙት ድጋፍ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የማይመለስ ድጋፍ ነው። ይህም ሥልጠናን፣ የንግድ ሥራ ምክርን፣ የገበያ ትስስርን፣ እንዲሁም በተመጣጣኝ ኪራይ የሚሰጥ የማምረቻና የመሸጫ ቦታን ያጠቃልላል። ሁለተኛው የሚመለስ ብድር ሲሆን፣ በገንዘብ ወይም በማሽን መልክ ይሰጣል።

ይህን ልዩነት ከማመልከት በፊት መረዳት ያስፈልጋል። በመደበኛው አሠራር ለግለሰብ ነጋዴ በእጅ የሚሰጥና የማይመለስ የገንዘብ ስጦታ የለም። በምግብ ዋስትናና በሴፍቲኔት መርሐ ግብሮች ለታቀፉ እጅግ ድሃ ቤተሰቦች መተዳደሪያ እንዲሆን የሚሰጥ ድጋፍ ቢኖርም፣ ተጠቃሚዎቹ የሚለዩት በመርሐ ግብሩ የራሱ መስፈርት በኅብረተሰቡ ተሳትፎ እንጂ በንግድ ፈቃድ አይደለም። ስለሆነም «የመንግሥት ገንዘብ ነው» በሚል እሳቤ ብድር ወስዶ ሳይመልስ የቀረ ሰው ዕዳው በራሱ፣ በዋሶቹና በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል።

የኢንተርፕራይዞች ደረጃ

በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ልማት ስትራቴጂ ኢንተርፕራይዞችን በሰው ኃይልና በሀብት መጠን ይለያል። ጥቃቅን የሚባለው ባለቤቱንና የቤተሰቡን አባላት ጨምሮ እስከ 5 ሰዎች የሚሠሩበት፣ ጠቅላላ ሀብቱም በኢንዱስትሪ ከ100,000 ብር፣ በአገልግሎት ከ50,000 ብር የማይበልጥ ነው። አነስተኛ የሚባለው ከ6 እስከ 30 ሰዎች የሚሠሩበትና ሀብቱ በኢንዱስትሪ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር፣ በአገልግሎት እስከ 500,000 ብር የሚደርስ ነው። የሀብት ጣሪያው የሚከለስ በመሆኑ በማመልከቻው ወቅት የሚሠራበት መጠን ከአገልግሎት መስጫ ጣቢያው ይረጋገጣል።

ኢንተርፕራይዞች እንደ ዕድገታቸው ጀማሪ፣ ታዳጊና የበቃ ተብለውም ይመደባሉ። ጀማሪው መሥሪያ ቦታና መነሻ ብድር፣ ታዳጊው ማሽንና ሰፊ ገበያ፣ የበቃው ደግሞ ከፍ ያለ የባንክ ፋይናንስ ሊያስፈልገው ስለሚችል ድጋፉ ከደረጃው ጋር እንዲጣጣም ይደረጋል።

የመጀመሪያው በር፦ የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያ

ዘርፉን በፌዴራል ደረጃ የሚመራው በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲሆን፣ በክልልና ከዚያ በታች ባሉ እርከኖች የሥራና ክህሎት መዋቅሮች ያስፈጽማሉ። ለተገልጋዩ ቅርብ የሆነው በከተማ አስተዳደር ወይም በቀበሌ ደረጃ የሚሠራው የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያ ነው። ሥራ ፈላጊ የሚመዘገበው፣ በግል ወይም በማኅበር የሚደራጀው፣ የንግድ ዕቅድ በማዘጋጀት ረገድ የሚታገዘውና ለአበዳሪ ተቋም የድጋፍ ደብዳቤ የሚያገኘው በዚህ ጣቢያ ነው።

አመልካቹ በቅድሚያ የሚያሟላቸው ሰነዶች በአብዛኛው የሚከተሉት ናቸው፦

1. የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ ወይም የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ፤
2. የሥራ ፈላጊነት ምዝገባ ወይም የኢንተርፕራይዝ ማስረጃ፤
3. የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ (ሥራው የሚጠይቀው ሲሆን)፤
4. በማኅበር ለተደራጁ የመተዳደሪያ ደንብና አባላቱ የተስማሙበት ቃለ ጉባኤ፤
5. የንግድ ዕቅድ፤
6. የቁጠባ ደብተር፤
7. ያገቡ አመልካቾች ሲሆኑ የትዳር አጋር ስምምነት።

የመጨረሻው ሰነድ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የጋራ ንብረትን የሚነካ ብድርም ሆነ ዋስትና የሁለቱን ተጋቢዎች ፈቃድ ስለሚጠይቅ ባልና ሚስት ዕቅዱን አስቀድመው ሊመክሩበት ይገባል።

የብድር ምንጮች

ፀደይ ባንክ። በአማራ ክልል የአነስተኛ ብድር አገልግሎት በስፋት የተዳረሰው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) አማካይነት ነው። ተቋሙ በ1989 ዓ.ም. በአክሲዮን ማኅበርነት ተመዝግቦ ሲሠራ ቆይቶ ወደ ባንክነት በማደግ ፀደይ ባንክ ሆኗል። የቡድን ዋስትና ብድር ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅበት አሠራር ነው። በዚህ አሠራር አባላት አንዱ ለሌላው ዋስ ስለሚሆኑ የአንዱ ዕዳ አለመከፈል የሌሎቹን ቀጣይ ብድር ይዘጋል። ስለዚህ የቡድን አባል የሚመረጠው በዝምድና ወይም በይሉኝታ ሳይሆን በሠራተኛነቱና ቃሉን በመጠበቁ ሊሆን ይገባል።

የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች በአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት በኩል የሚቀርብ ብድር ነው። «ተዘዋዋሪ» መባሉ አንዱ ወጣት የመለሰው ገንዘብ ለቀጣዩ ወጣት እንዲሰጥ ነው። በአንድ ከተማ ያልተመለሰ ብድር በበዛ ቁጥር ተራቸውን የሚጠብቁ ወጣቶች ዕድል በዚያው ልክ ይጠብባል።

የካፒታል ዕቃ ኪራይ (ሊዝ)። ወፍጮ፣ የዘይት መጭመቂያ፣ የብየዳና የእንጨት ሥራ ማሽን የሚያስፈልገው አመልካች ጥሬ ገንዘብ ከመበደር ይልቅ ማሽኑን በሊዝ ሊወስድ ይችላል። አገልግሎቱን የኢትዮጵያ ልማት ባንክና በአማራ ክልል ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አክሲዮን ማኅበር ይሰጣሉ። የተለመደው አሠራር አመልካቹ ከማሽኑ ዋጋ 20 በመቶውን በቅድሚያ ቆጥቦ ሲያቀርብ ቀሪውን 80 በመቶ አከራዩ የሚሸፍንበት ነው። ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሆነ ቤት ወይም ቦታ ማስያዝ ለማይችሉ ዜጎች አመቺ ነው። ክፍያው እስኪጠናቀቅ ድረስ ግን የማሽኑ ባለቤት አከራዩ በመሆኑ መሸጥም ሆነ ለሌላ ማስተላለፍ አይቻልም። ሊዝ የጥሬ ዕቃ መግዣን፣ የኤሌክትሪክ ክፍያንና የሠራተኛ ደመወዝን አይሸፍንም፤ ለእነዚህ የሚሆን የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ በዕቅዱ ለብቻው መያዝ አለበት።

ከወለድ ነፃ አገልግሎት። በይፋት ቆላ በሃይማኖታቸው ምክንያት ወለድ ያለበት ብድር የማይወስዱ በርካታ ነዋሪዎች አሉ። ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በተለየ መስኮት እንዲሰጡ ፈቅዷል፤ ኋላም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። በስፋት የሚታወቀው ሙራባሃ የተሰኘው አሠራር ነው። በዚህ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን በግልጽ አሳውቆ ለደንበኛው በክፍያ ይሸጣል። ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት የዕቃውን መግዣ ዋጋና የትርፉን መጠን ለየብቻ በጽሑፍ ሊያውቅ ይገባል።

ዋስትና የሌለው አመልካች ምን ያደርጋል?

ቤት የሌለው ሰው ብድር አያገኝም የሚለው አስተሳሰብ በሕግ ረገድ ተቀይሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚያዝ የዋስትና መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1147 የቁም እንስሳት፣ የግብርና ምርት፣ ማሽነሪ፣ በመጋዘን ያለ ዕቃና የሚሰበሰብ ሂሳብ ለብድር ዋስትና እንዲውሉ መንገድ ከፍቷል። ዋስትናው በብሔራዊ ባንክ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ስለሚገባ አንዱን ንብረት ለሁለት አበዳሪ በስውር ማስያዝ አይቻልም።

የአርሶ አደር ቤተሰብ የሆኑ አመልካቾች ደግሞ የገጠር መሬት የመጠቀም መብትን ለተወሰነ ጊዜ ለብድር ዋስትና ማስያዝ የሚፈቀድ መሆኑን ሊያውቁ ይገባል፤ ይህም በ2016 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ተደንግጓል። የሚያዘው የመጠቀም መብቱ እንጂ መሬቱ አይደለም፤ መሬት አይሸጥም። ይሁንና ብድሩ ካልተመለሰ አበዳሪው በመብቱ ለተወሰነ ዘመን ሊገለገል ስለሚችል የቤተሰቡ የዕለት ጉርስ የሚመጣበትን ማሳ ማስያዝ በጥንቃቄ የሚታይ ነው።

የብድሩ ዓይነትና ጊዜ ከሥራው ጋር መጣጣም

ይፋት ቆላ በማሾ፣ በማሽላ፣ በሽንኩርትና በፍራፍሬ የሚታወቅ በመሆኑ የአካባቢው ንግድ ከምርት ወቅት ጋር የተሳሰረ ነው። ማሾ ፈጥኖ የሚደርስ ሰብል ስለሆነ ለሚገዛው ነጋዴ ገንዘብ የሚያስፈልገው በምርት መሰብሰቢያ ወራት ነው፤ ገዝቶ ሲሸጥም ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ የአጭር ጊዜ ብድር ይበቃል። የሦስት ዓመት ብድር የወሰደ ነጋዴ ገበያው በቀዘቀዘባቸው ወራት ጭምር ወለድ ሲከፍል ይኖራል። በአንጻሩ ወፍጮ የሚተክል ሰው የአንድ ዓመት ብድር ቢወስድ ማሽኑ ራሱን ሳይከፍል ዕዳው ይደርስበታል።

የወለድ አሰላል ሌላው ሊጤን የሚገባው ጉዳይ ነው። ለምሳሌ 60,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ለ12 ወራት ተበድሮ በየወሩ 5,000 ብር ዋናውን የሚመልስ ሰው ይታሰብ። ወለዱ እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ዕዳ ላይ ብቻ ቢሰላ በዓመቱ የሚከፍለው ወለድ 4,875 ብር ይሆናል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው 60,000 ብር ላይ ቢሰላ ግን 9,000 ብር ይደርሳል። የወለዱ ምጣኔ አንድ ሆኖ ልዩነቱ 4,125 ብር ነው። ስለዚህ አመልካቹ «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ነው ወይስ በመነሻው?»፣ «የአገልግሎት ክፍያና የመድን ክፍያ አለ ወይ?»፣ «በአጠቃላይ ስንት ብር እመልሳለሁ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ አለበት።

መክፈል ሲያቅት

ዝናብ ሊቀር፣ የገበያ ዋጋ ሊወድቅ፣ በጸጥታ ችግር ንብረት ሊወድም ይችላል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በደረሰው ጥፋት ሱቅና ቤት መቃጠሉ የሚታወስ ነው። ንብረት ቢወድምም ዕዳው በራሱ አይሰረዝም፤ ተበዳሪው ዝም ባለ ቁጥርም ወለድና ቅጣት ይጨመርበታል። ችግር የደረሰበት ተበዳሪ የክፍያው ቀን ከማለፉ በፊት ለአበዳሪው ቅርንጫፍ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ የደረሰውን ጉዳት ከቀበሌው በማስረጃ ማስደገፍና የክፍያ ጊዜው እንዲራዘም ወይም ብድሩ በአዲስ መርሐ ግብር እንዲስተካከል መጠየቅ ይኖርበታል። ከቡድኑ አባላትና ከዋሶች መሰወርም ችግሩን ያባብሳል።

የአንድ ተበዳሪ የብድር ታሪክ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት የሚመዘገብ በመሆኑ በአንዱ ባንክ ያልተከፈለ ዕዳ ሌላውም ባንክ ዘንድ ይታያል። በአግባቡ የተመለሰ አነስተኛ ብድር ደግሞ ለተሻለ ብድር መተማመኛ ይሆናል።

ሊወሰድ የሚገባ ጥንቃቄና ቅሬታ ማቅረቢያ

በአገልግሎት መስጫ ጣቢያው መመዝገብና መደራጀት የደላላ አገልግሎት አይጠይቅም። «ብድሩን አስፈቅድልሃለሁ» ወይም «የስጦታ ገንዘብ መጥቷል፤ ለፎርም ክፈል» በማለት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሕገ ወጥ ነው። ሕጋዊ ክፍያ የሚፈጸመው በደረሰኝ ብቻ ነው። የሞባይል ባንክ የይለፍ ቁጥርን ለማንኛውም ሰው፣ ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን፣ መስጠት አይገባም።

ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ተገልጋይ ምክንያቱን የማወቅ መብት አለው። ቅሬታ በቅድሚያ ለጣቢያው ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለወረዳው ወይም ለከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይቀርባል። የባንክ አገልግሎትን የሚመለከት ቅሬታ ለቅርንጫፉና ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት፣ መፍትሔ ካላገኘም ለብሔራዊ ባንክ ሊቀርብ ይችላል። አስተዳደራዊ በደል ሲያጋጥም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ጉቦ ሲጠየቅም ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ተቋማት ማመልከት ይቻላል።

ለማስታወስ ያህል

አመልካቹ በቅድሚያ የሚሠራውን ሥራ ይለያል፤ ቀጥሎ ሥራው ማሽን፣ የአጭር ጊዜ ገንዘብ ወይም መሥሪያ ቦታ የሚጠይቅ መሆኑን ይወስናል፤ በመጨረሻም ለዚያ የሚስማማውን የድጋፍ ዓይነት ከጣቢያው ጋር ይመርጣል። ገንዘቡን አስቀድሞ ፈልጎ ሥራውን ኋላ የሚያስብ ተበዳሪ ብድሩ ሲሰጥ ቢደሰትም መክፈያው ሲደርስ ይቸገራል። የሚፈለገውን ያህል መበደር፣ በወቅቱ መመለስና ሲቸገሩ ቀድሞ ማሳወቅ የተበዳሪውን፣ የዋሶቹንና ተራ የሚጠብቁትን የከተማውን ልጆች ጥቅም ያስጠብቃል።