ከመጠለያ እስከ መኖሪያ ቤት፦ ደሴና ኮምቦልቻ

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ከእርሷ ቁልቁል ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ሁለቱን የሚያገናኘው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ጎዳና ነው፤ በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደውም ከኮምቦልቻ ይገነጠላል። በወሎ ገጠር ድርቅ በገባ ቁጥር ገበሬው ወደዚህ ጎዳና ይፈልሳል፤ እህል የሚያልፈው በዚያ ነውና። ስለሆነም በሁለቱ ከተሞች የቤት አልባነት ታሪክ በግማሹ የገጠር ታሪክ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በሬውን ሸጦ የጨረሰው ገበሬ ቤተ ሰቡን ይዞ በጎዳናው ዳር ሰፈረ። የዘውዱ መንግሥት እልቂቱን ለመሸሸግ ቢሞክርም፣ በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ለዕይታ አቀረቡ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ጉዳዩን ለዓለም ገለጠው። መጠለያዎች ተቋቋሙ። ዳሩ ግን በእነዚያ መጠለያዎች ሕዝቡ ተፋፍጎ ስለ ሰፈረ ከረሃቡ የተረፈውን ወረርሽኝ ይጥለው ነበር። መጠለያ ሰውን ለጊዜው ከሞት ለማትረፍ እንጂ ለማኖር የታሰበ አልነበረም።

የመኖሪያን ጥያቄ በቀጥታ የነካው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ፤ ኪራይ ተቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑ ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም በቀበሌዎች እጅ ገቡ። በጭቃ ቤት ይኖር ለነበረው ተከራይ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ አከራዩ በፈለገ ቀን ዕቃውን አውጥቶ ሊጥልበት አይችልምና።

ሆኖም የአዋጁ ጥቅም በቅድሚያ የደረሰው በዚያን ዕለት ከጣሪያ ሥር ለነበረው ሰው ነው። በረንዳ አዳሪው ተከራይ ስላልነበረ የሚቀነስለት ኪራይ አልነበረውም። የቀበሌ መታወቂያ በቤት ቁጥር ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የቀበሌ ቤት ለማግኘት ደግሞ አስቀድሞ የቀበሌው ነዋሪ ሆኖ መመዝገብ ያስፈልጋል። ቤት የሌለው መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ የሌለው ቤት አያገኝም። ይህን ቋጠሮ በከፊል የፈታው ሕግ ሳይሆን ደባልነት ነው፤ የቀበሌ ቤት ያለው ዘመዱን ወይም ያገሩን ልጅ በጓዳው ያስጠጋዋል። በእኔ አስተያየት ደባል በከተሞቻችን ታሪክ የሚገባውን ስፍራ አላገኘም። የኪራዩ ማነስም ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ገቢው ለእድሳት ስለማይበቃ ቤቶቹ አረጁ።

በ1977 ዓ.ም. ሕዝቡ እንደገና ወደ ጎዳናው ወጣ። የሙዚቃ ቅኝት በስሟ የሚጠራላት ባቲ በዚያ ዓመት ከታላላቆቹ የረሃብተኛ መጠለያዎች አንዷ ሆነች። መንግሥት ያቀረበው መፍትሔ ሠፈራ ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ተጓጓዘ፤ ከሁሉም የሚበዛው ወሎዬ ነበር። ወድዶ የሄደ አለ፤ ተገድዶ የተጫነም አለ። ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት በበሽታ አለቁ። የተረፉት ግን ጎጆ ቀለሱ፣ አረሱ፣ ወለዱ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲገባ፣ ከቆቦና ከወልድያ የተሰደደው ሕዝብ የደሴንና የኮምቦልቻን ትምህርት ቤቶች ሞላ። ሰሌዳው በተሰቀለበት ክፍል ጆንያ ተነጥፎ ይታደር ጀመር። ከተፈናቃዩ ብዙው ግን ትምህርት ቤት አልገባም፤ ነዋሪው ቤቱን ከፍቶ አስጠጋው፣ ደባልነት ተመለሰ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች ራሳቸው ሲያዙ ግን አስጠጊውና ተጠጊው አብረው ተሰደዱ፤ የመንግሥት ጦር ከተሞቹን ያስለቀቀው በኅዳር መጨረሻ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎችም መጥተው፣ ከደሴ በስተ ሰሜን በሐይቅ አካባቢ ባለው የጃሪ መጠለያ ሰፈሩ። ከወለጋ ተፈናቃዮች መካከል በ1977 ዓ.ም. ከወሎ የሄዱት ሠፋሪዎችና ልጆቻቸው ይገኙባቸዋል። ወላጆቻቸው ከተነሡበት አውራጃ በድንኳን ሥር ሆነው ስም ዝርዝር ላይ ሲመዘገቡ፣ በትውልድ ስፍራ አንጻር የሚጽፉት ወለጋ ነው።