ከጀፎረ እስከ ዜብራ፦ የእግረኛ ማቋረጫን መለወጥ መንገድን ከአደጋ ያድናልን?

ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ አታት የምትባል ቦታ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1969 የካቶሊክ እኅቶች ሆስፒታል ካቋቋሙባት ወዲህ ስሟ በሰባት ቤት ጉራጌ የታወቀ ነው። ከመንገዱ ማዶ የሚመጣ በሽተኛና አስታማሚ ግን ወደ ሐኪም ከመድረሱ በፊት የመኪናውን መንገድ መሻገር አለበት። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረውም፥ የእግረኛ ማቋረጫ አሠራሩ ቢለወጥ መሻገሩ በእውነት ከአደጋ ይጠበቃልን? የሚለውን ጥያቄ ነው።

መልሱን ለማግኘት ከአገሩ ልማድ መነሣት ይገባል። የጉራጌ መንደር የሚሠራው በጀፎረ ግራና ቀኝ ነው። ጀፎረ በቤቶቹ ፊት የተዘረጋ፥ ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና ሲሆን፥ ከብት ይግጥበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሠርግና ልቅሶ ይውልበታል፤ ሽማግሌዎችም ለዳኝነት ይቀመጡበታል። አጥሩን ገፍቶ ወደ ጀፎረ የሚያስገባ ሰው በባህሉ ሕግ ጥፋተኛ ነው። እንግዲህ የጎዳናው ስፋት የእግረኛው ሀብት ነበር ማለት ነው።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሌላ ዓይነት መንገድ መጣ። በአዲስ አበባ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር አቁመው፥ ገንዘብ አዋጥተው፥ ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር በመተባበር አገራቸውን ከዋና ከተማው የሚያገናኝ መንገድ አሠሩ። ሥራው እጅግ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከመኪናው ጋር የስፋት ትርጕም ተገለበጠ። በጀፎረ ላይ ስፋት ለእግረኛው ነጻነት ሲሆን፥ በመኪና መንገድ ላይ ግን ለነጂው ፍጥነት ሆነ። «ጀፎረ ሰላም የነበረው መኪና ስላልነበረበት ብቻ ነው» የሚል ቢኖር አባባሉ ትክክል ነው፤ ችግሩ የጀመረውም ከዚሁ ነው።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ችግር በመጀመሪያ ያገኙት መድኀኒት ምልክት ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1934 ፋኖስ የተተከለበትን ማቋረጫ፥ በ1951 ደግሞ ነጭና ጥቁር መስመር ያለውን ዜብራ በሕግ ደነገጉ። ይሁን እንጂ ቀለም ብቻውን የሚበቃ አልሆነም። በአሜሪካ በ30 ከተሞች 1000 የተቀቡና 1000 ያልተቀቡ ማቋረጫዎች ተነጻጽረው፥ ውጤቱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ታትሞ ወጥቷል። በሁለት መስመር መንገድ ላይ ቀለሙ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ብዙ መስመር ባለውና በቀን ከ12000 በላይ መኪና በሚያልፍበት፥ የመካከል ማረፊያም በሌለው ጎዳና ግን የተቀባው ማቋረጫ ካልተቀባው የበለጠ አደጋ ታይቶበታል። ከፍ ያለ የመካከል ማረፊያ በተሠራበት ስፍራ አደጋው ያነሰ ነበር።

በአገራችንም ተመሳሳይ ሙከራ አለ። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2015 የብሉምበርግ የመንገድ ደኅንነት እንቅስቃሴ አባል ከሆነች በኋላ፥ በለገሀርና በመርካቶ ሰባተኛ መስቀለኛ መንገዶች የመኪናው ስፍራ ተጠብቦ የእግረኛው ስፍራ እንዲሰፋ፥ የመሻገሪያውም ርቀት እንዲያጥር ተደርጓል። በከተማይቱ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ስለሆኑ፥ ሥራው ከጌጥ የሚቈጠር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው፤ የማቋረጫው ለውጥ ከአደጋ የሚያድነው ፍጥነትንና ርቀትን ሲቀንስ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው አራት እጥፍ ጕልበት አለው፤ የቀለም መስመር ይህን ጕልበት አይቀንሰውም። አታትን በመሰለ ስፍራ ነጩ መስመር ብቻ ቢቀባ በሽተኛው ጥበቃ ያገኘ ይመስለዋል፤ ነጂው ግን እንደ ልማዱ ይነዳል። ማቋረጫው ከመንገዱ ከፍ ብሎ፥ ጠበብ ተደርጎ ቢሠራ ግን ነጂው ወደደም ጠላም ይቀዘቅዛል። ይህ ሲሆን ጭነት ጥቂት ይዘገይ ይሆናል፤ ሰው ወደ ሐኪም ሲሄድ በመንገድ ከሚቀር ግን የጭነቱ መዘግየት ይሻላል። አያቶቻችን ጀፎረን በሕግ ማስከበራቸው ለእኛ ትምህርት ነው፤ በመኪናው መንገድም ላይ ቢሆን እግረኛው የሚሻገርበት ጥቂት ክንድ ስፍራ የእርሱ ሆኖ ሊከበርለት ይገባል።