ትልቁ ፊደል ለማን ይገባል?

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ስንጀምር መጀመሪያ ከሚያጋጥሙን ነገሮች አንዱ የወል ስምንና የተጸውዖ ስምን መለየት ነው። «ከተማ» የወል ስም ነው፤ «ለንደን» የተጸውዖ። «ወንዝ» የወል ነው፤ «ቴምዝ» የተጸውዖ። የተጸውዖው በትልቁ ፊደል፣ ማለትም በካፒታል፣ ይጀምራል፤ የወሉ በትንሹ። ይህንን ሸምድደን ፈተናውን እናልፋለን። ታዲያ ደንቡ ከየት መጣ? ማንስ ደነገገው?

በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለም። «ፀሐይ ወጣች» ተብሎ ቢጻፍ፣ የወጣችው የሰማይዋ ፀሐይ ትሁን የጎረቤት ልጅ፣ የሚነግረን ከፊትና ከኋላ ያለው ዐረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ግን ልዩነቱን ለዓይን ያሳያል።

ልዩነቱ ራሱ ጥንታዊ ነው። ስቶይክ የተባሉት የግሪክ ፈላስፎች ሁለቱን ለይተው አስተምረዋል፤ የሮማ ሰዋስው ጸሐፊዎችም ወርሰው ለአውሮፓ ትምህርት ቤቶች አስተላልፈውታል። ካፒታልን ለተጸውዖ ስም ለይቶ መስጠት ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1726 የታተመውን የስዊፍትን «የጉሊቨር ጉዞዎች» የመጀመሪያ እትም ብንገልጥ፣ ተራው የወል ስም ሁሉ ካፒታል ለብሶ እናገኘዋለን። በ1787 በእጅ የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም እንዲሁ ነው፤ «ሕዝብ» እና «ፍትሕ» የሚሉት ቃላት በትልቁ ፊደል ይጀምራሉ። በ18ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ልማዱ እየቀረ ሄደ። ጀርመኖች ግን ዛሬም ስምን ሁሉ በካፒታል ይጽፋሉ። እንግዲህ ደንቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰው የተስማማበት ነው።

ሰው የተስማማበትን ደግሞ ሰው ይለውጠዋል። በ1880 በአየርላንድ፣ በማዮ አውራጃ፣ ቻርልስ ቦይኮት የሚባል ሰው የአንድ ባላባት መሬት ወኪል ነበር። ጢሰኞቹ የመሬት ኪራይ ይቀነስልን ቢሉ ሊያስነቅላቸው ተነሣ። እነሱም በዱላ አልመጡበትም፤ አገለሉት እንጂ። ሠራተኛው ማሳውን ጥሎ ሄደ፤ ባለሱቁም አልሸጥልህም አለው። ዓመቱ ሳያልቅ የሰውየው ስም የድርጊቱ መጠሪያ ሆነ። ዛሬ «ቦይኮት» በትንሹ ፊደል የሚጻፍ ስምም ግስም ነው። ካፒታሉን የገፈፉት ሰዋስው ዐዋቂዎች ሳይሆኑ ጢሰኞች ናቸው።

የባሰው ክርክር ግን በአሜሪካ የተነሣው ነው። «ኒግሮ» የሚለው ቃል መሠረቱ «ጥቁር» ማለት ነው። የአየርላንዱም፣ የጀርመኑም፣ የኢጣሊያውም ሰው መጠሪያ በካፒታል ሲጻፍ፣ የጥቁር አሜሪካውያን መጠሪያ በአብዛኞቹ ጋዜጦች በትንሹ ፊደል ይወጣ ነበር። ነገሩ ከእርማት ያለፈ ነው። ትንሹ ፊደል እነዚህ ሰዎች የቆዳ ቀለም ብቻ ናቸው እንደማለት ነበር፤ ትልቁ ግን ታሪክ ያለው ሕዝብ ናቸው ይላል። ዊልያም ዱ ቦይስ በ1899 ባሳተመው በፊላዴልፊያ ጥቁሮች ጥናቱ ውስጥ፣ ስምንት ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ካፒታል ይገባዋል ሲል በግርጌ ማስታወሻ ጻፈ። ትግሉ ቀጠለ። የተስኪጊው ኃላፊ ሮበርት ሞተን ለኒው ዮርክ ታይምስ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጋዜጣውም በመጋቢት 1930 ካፒታሉን ተቀበለ። ይህም ፊደል መለወጥ ብቻ ሳይሆን የአንድን ሕዝብ ክብር ማወቅ እንደሆነ ገለጸ። ከዱ ቦይስ መጽሐፍ እስከዚያ 31 ዓመት አልፏል፤ ለአንዲት ፊደል!

በ1960ዎቹ ትውልዱ «ኒግሮ»ን ጥሎ «ብላክ»ን ሲመርጥ ጥያቄው እንደገና ተነሣ፤ ቀለም ነው ወይስ ሕዝብ? አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ለሕዝቡ መጠሪያ ሲሆን በካፒታል እንዲጻፍ የወሰነው በሰኔ 2020 ነው፤ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ከተገደለ ከሳምንታት በኋላ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የሰዋስው መጽሐፍ የተጸውዖ ስም የአንድ ነገር ብቻ መጠሪያ ነው ይለናል። የሕዝብ ስም ግን ሚሊዮኖች የሚጠሩበት ሆኖ ሳለ በካፒታል ይጻፋል፤ ስለዚህ ትርጓሜው ብቻውን አይበቃም። ሰዋስው ስንማር ደንቡን ከነታሪኩ እንያዝ። «ይህ ስም ለምን በትንሹ ፊደል ተጻፈ?» ብሎ መጠየቅም የሰዋስው ትምህርት ነው'ኮ።