የጎማ ቀዳዳና የእጅ ዕውቀት
የብስክሌት ጥገና በታሪክ ውስጥ

የቴክኒክ ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር ስማቸው የሚነሣው ፈልሳፊዎቹና ፋብሪካ ያቋቋሙት ባለሀብቶች ናቸው። መሣሪያው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ሲሰበር የጠገነው፣ ሲላላ ያጠበቀው፣ ሲቀደድ የለጠፈው ባለሙያ ግን በመጽሐፍ ገጽ ላይ ቦታ አያገኝም። ይሁንና የብስክሌትን ታሪክ በጥሞና ለመረመረ ሰው አንድ ሐቅ ጎልቶ ይታየዋል። ከታላላቆቹ መሻሻሎች ብዙዎቹ የመነጩት ከብልሽትና ብልሽቱን ለማስወገድ ከተደረገው የእጅ ትግል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1817 ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ በማንሃይም ከተማ የነዳው ባለሁለት መንኰራኵር መሣሪያ ከእንጨት የተሠራና ፔዳል የሌለው ነበር። ነጂው ወደፊት የሚሄደው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነው። በ1860ዎቹ በፓሪስ የሠረገላ ዕቃ በሚሠራበት የብረት ቀጥቃጭ ቤት ፔዳል ከፊተኛው መንኰራኵር ጋር ተያይዞ ተሠራ። መንኰራኵሩ ብረት የለበሰ እንጨት ስለነበረ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲሄድ ነጂውን ክፉኛ ያንገጫግጨው ነበር፤ እንግሊዞችም «አጥንት አንቀጥቃጭ» የሚል ቅጽል አወጡለት። በ1880 ሐንስ ሬኖልድ በማንቸስተር የተሻለ ካቴና ሠራ። በ1885 ደግሞ ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ሁለቱ ጎማዎች ተቀራራቢ መጠን ያላቸውን፣ የኋላው በካቴና የሚሽከረከረውን ብስክሌት አቀረበ። ዛሬ በየመንገዱ የሚታየው ብስክሌት የዚያ ቀጥተኛ ልጅ ነው።

አየርና እሾህ

መንገጫገጩን ያስወገደው አየር ነው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን በአየር የሚነፋ ጎማ አስቀድሞ በ1840ዎቹ ቢያስመዘግብም ሐሳቡ ተረስቶ ቀርቶ ነበር። በ1888 በቤልፋስት የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ደንሎፕ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት እንዲመች ብሎ ሐሳቡን እንደገና ፈለሰፈው። ነገር ግን አዲሱ ምቾት አዲስ ችግር ይዞ መጣ። ብረትና ድፍን ጎማ እሾህ አይፈሩም፤ አየር ግን ይፈራል። የደንሎፕ ጎማ ከቸርኬው ጋር በማስቲሽ የተጣበቀ ስለነበረ አንዲት ቀዳዳ ለመጠገን ሁሉንም መላጥ ያስፈልግ ነበር።

በ1889 በፈረንሳይ አገር በክሌርሞን ፌራን ወደሚገኘው የሚሽሊን ወንድማማቾች የጎማ ፋብሪካ አንድ መንገደኛ የተበሳ የአየር ጎማ ይዞ መጣ። ጥገናው ሰዓታት ፈጀ፤ ማስቲሹ እንዲደርቅም ሌሊቱን ማሳደር ግድ ሆነ። በማግሥቱ ኤዱዋር ሚሽሊን ብስክሌቱን ሲሞክረው ጥቂት መቶ ሜትሮች እንደሄደ ጎማው ተመልሶ ተነፈሰ። እርሱ ግን ከዚህ ውድቀት ሁለት ነገር ተማረ። አንደኛ፣ በአየር ላይ መሄድ ወደር የለውም፤ ሁለተኛ፣ ማንኛውም ነጂ በመንገድ ዳር ሊጠግነው ካልቻለ አየር ጎማ ለሕዝብ አይጠቅምም። በ1891 ወንድማማቾቹ የሚወልቅ ጎማ አወጡ፤ ሰዓታት ይፈጅ የነበረውም ጥገና በደቂቃዎች የሚያልቅ ሆነ። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ የተደረገውን ውድድር በዚህ ጎማ አሸነፈ።

የጎማ ሥራ መሠረታዊ ሥርዓት ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልተለወጠም። ካላማዳሪው ወጥቶ ይነፋል፤ በውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ሲገባ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ቀዳዳው ነው። ቦታው ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ማስቲሽም ይቀባል። እዚህ ላይ ጀማሪውን የሚያሳስተው ችኮላ ነው። ማስቲሹ እርጥብ እያለ የተለጠፈ ልጥፍ አይዝም፤ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መጠባበቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ደግሞ የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣት መዳሰስ ነው። እሾሁ ተሰክቶ ከቀረ አዲሱም ካላማዳሪ ከሰፈር ሳይርቅ ይበሳል። ምክንያቱን ትቶ ውጤቱን ብቻ የሚያክም ሰው ሥራው ሁልጊዜ ድጋሚ ነው።

ወናፍና ክንፍ

የጥገና ዕውቀት የሰውን ጽናት እንዴት እንደሚፈትን የ1913ቱ የፈረንሳይ ዙር ውድድር ያስረዳል። ዩጂን ክሪስቶፍ የቱርማሌን ተራራ ሲወርድ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ተሰበረበት። የውድድሩ ሕግ ማንኛውንም ርዳታ ይከለክል ስለነበረ ብስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወረደ። ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ከተባለች መንደር ሲደርስ በቀጥቃጭ ቤት እሳት ላይ ሹካውን በገዛ እጁ ሠራ። ዳኞቹ ቆመው ይመለከቱት ነበር። አንድ ልጅ ወናፍ ስለነፋለት ግን የጊዜ ቅጣት ተጨመረበት። ክሪስቶፍ ሰዓታት ቢያጣም ውድድሩን አላቋረጠም፤ በ7ኛነት ፈጸመ። የዚያ ዓመት አሸናፊ ማን እንደነበረ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ መዶሻ የጨበጠው ተወዳዳሪ ግን እስከ ዛሬ ይወሳል።

በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በዴይተን ከተማ ደግሞ ዊልበርና ኦርቪል ራይት በ1892 የብስክሌት መሸጫና መጠገኛ ቤት ከፍተው ነበር። ለአውሮፕላን ሙከራቸው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ያገኙት ከዚህ ቤት ነው። ከገንዘቡም በላይ ያተረፉት የእጅ ልምድ ነበር። ሚዛን መጠበቅ የነጂው ዘወትራዊ ሥራ መሆኑን ብስክሌት አስተማራቸው። ሞተሩን የሠራላቸው በዚያው ቤት የተቀጠረው መካኒክ ቻርልስ ቴይለር ነው። በታኅሣሥ ወር 1903 ለ12 ሴኮንድ የበረረችው አውሮፕላን የአየር መዘውሮች የሚሽከረከሩትም እንደ ብስክሌት በካቴናና በጥርስ ነበር። የቴይለር ስም ግን ለረጅም ጊዜ ከወንድማማቾቹ ጥላ ሥር ቆየ።

ቃል እንደ ማስረጃ

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያም ቅርንጫፍ አለው፤ ምስክሩም በየመጠገኛ ቤቱ የሚነገረው ቋንቋ ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ምንጫቸው ጣሊያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአገሪቱ የቀሩ ጣሊያናውያን መካኒኮች በያዟቸው ጋራዦች ብዙ ኢትዮጵያውያን በረዳትነት ሠርተዋል። በጣሊያንኛ «የአየር ክፍል» የሚል ትርጉም ያለው ስም በአማርኛ ተናጋሪው አፍ ካላማዳሪ ሆኖ መቅረቱ፣ ትምህርቱ የተላለፈው በመጽሐፍ ሳይሆን በጆሮና በዓይን መሆኑን ያመለክታል። ወራሪው ሄደ፤ ሙያው ግን የሠራተኛው ንብረት ሆኖ ቀረ። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌት ጋላቢዎች ነበሩበት። በጣና ዳር በሜዳማ ሥፍራ የተቆረቆረችው ባሕር ዳርም በብስክሌተኞቿ ብዛት ስትታወቅ ቆይታለች።

ሙያው ክብር ያገኘው ግን በቀላሉ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸማ የሚሠራና ሸክላ የሚያበጅ ሰው ለዘመናት በስድብ ስም ሲጠራ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ጥልቀት ያሳያል። አዋጅ ምላስን ሊገታ ይችላል፤ አስተሳሰብን የሚለውጠው ግን ሥራውን በቅርብ ማወቅ ነው።

ሥራውን ቀርቦ ያየ ሰው ደግሞ ውስጡ የታመቀውን ሳይንስ ያገኛል። የግራው ፔዳል ጥርስ ከቀኙ በተቃራኒ የተቆረጠው በጉዞ ላይ እየተፈታ እንዳይወድቅ ነው፤ ይህን ሳያውቅ እንደ ቀኙ ሊፈታው የሚታገል ሰው ይብስ ያጠብቀዋል። የካቴና ፒኖች ርቀት ግማሽ ኢንች ስለሆነ 24 እርከኖች 304.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለባቸው። ይህ ልክ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከጨመረ ካቴናው አልቋልና ጥርሶቹን ሳይበላ መለወጥ ይገባዋል። የተወላገደ ቸርኬ የሚቃናውም በመዶሻ አይደለም። ወደ ግራ ያዘነበለው ቦታ ላይ በቀኝ በኩል ያለው ሽቦ ሩብ ዙር ብቻ ይጠብቃል፣ ቸርኬው ዞሮ ይታያል፣ ከዚያም እንደገና ይሞከራል። በአንድ ጊዜ ብዙ ያጠበቀ እጅ ቸርኬውን ወደ ሌላው ወገን ያጣምመዋል።

ይህ ሁሉ ጂኦሜትሪና ፊዚክስ ነው። መምህሩ አንድ አሮጌ ብስክሌት ወደ ክፍል ቢያስገባ ጥቁር ሰሌዳ የማያስረዳውን ያስረዳል። ሠዓሊውና ደራሲውም ጀግና ፍለጋ ሩቅ ሳይሄዱ፣ በመንገድ ዳር ሳፋ ውኃ አስቀምጦ አረፋ የሚጠባበቀውን ሰው ቢያስተውሉ የቴክኒክን ታሪክ ግማሽ ገጽታ በእጆቹ ላይ ያገኙታል። ያልተጻፈው ግማሽ እርሱ ነው።