«ዛር ነው» የተባለው ሕመም



በሰቆጣም ሆነ በዋግ ኽምራ ደጋ፣ ሴቶች ወደ መስጂድ የሚልኩት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለ ደሙ ነው፦ «ልስገድ ወይስ ልተው?» ስለ ሕመሙ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ስለ ልቧ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ግን የማያቋርጥ ደሟን ይዛ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ለፊት ጠይቃለች። ሐይድ ሳይሆን ከደም ሥር የሚመጣ መሆኑ ተነገራት እንጂ አልተነቀፈችም።

ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የሆነው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ጎንደር ውስጥ መልካም አየሁ ወደምትባል ባለዛር ቤት እየተመላለሰ ያየውን ጽፏል። በዛሩ ዙሪያ የሚሰበሰቡት በብዛት ሴቶች ነበሩ። ዛርን መማጸን ሽርክ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ግን እዚያ ቢያንስ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣቸው ሰው ነበር፤ እኛ ዘንድስ? አውሮፓም አልተሻለችም። የሴትን ሕመም «ሂስቴሪያ» ብላ ስትሸኝ ኖራለች፤ ቃሉ የመጣው ማህፀን ከሚለው የግሪክ ቃል ነው።

የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ እንደሚገኝ ሮኪታንስኪ በ1860 ቪየና ላይ ጻፈ። አሜሪካዊው ጆን ሳምሰን ደግሞ በ1920ዎቹ ኢንዶሜትሪዮሲስ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉን ይይዛል። የወር አበባ ሕመሙ ከአልጋ ይጥላል፣ አንዳንዷን ልጅ ይነሳል። ስሙ እስኪታወቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ በእነዚያ ዓመታት «ሰነፍ» ወይም «ጂን አለባት» የተባለች ሴት ብትጨነቅና ድብርት ቢይዛት ምን ይገርማል?

ሐዘኑ ከአካል እንደሚነሳ በክልላችን የታየው በሌላ ሕመም፣ በፌስቱላ ነው። በተራዘመ ምጥ ተጎድተው ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈሳቸው 51 ሴቶች በባሕር ዳር ሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል ስለ አእምሮ ጤናቸው ተጠየቁ። ጥናቱ በ2007 ታትሟል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት 51ዱም የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታየባቸው። ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት በኋላ ግን ምልክቱ የቀረው በ36 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። ያን ያህል ለውጥ፣ በ14 ቀን! ሽንታቸው ያልቆመላቸው ስድስት ሴቶች ግን ስድስቱም እንደተጨነቁ ነበሩ።

ኢንዶሜትሪዮሲስ እስካሁን ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት የለም፤ የሚያስታግሱት ግን አሉ። ስለዚህ የእነዚያን ስድስት ሴቶች ነገር ደጋግሜ አስባለሁ፦ ሕመሙ ለማይለቃት እህት የልቧም ሕክምና አብሮ መሄድ አለበት። ሩቅያ የምታስደርግ እህት ሐኪም ዘንድም ትሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሰቆጣ ላይ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ወንድም ወይም ባል አብሯት ይሂድ፣ ወረፋውንም አብሯት ይጠብቅ።