«አንጀቱ ታጥፎ ነው»

«አንጀቱ ታጥፎ ሞተ» ሲባል ያልሰማ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አባባሉን ተራ የሰፈር ወሬ አድርገን እንወስደው ይሆናል። ግን ልክ ነው፦ አንጀት በእርግጥም ይጠመዘዛል። ኢትዮጵያም ይህ ሕመም ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ወንዶች ናቸው።

አንጀቱ ሲዞር ደም ሥሮቹም አብረው ይዞራሉ። ቀድሞ የሚታፈነው ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ስስ ሥር ነው። ደም ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል፤ አንጀቱ ያብጣል፣ ኋላም መግቢያው ይዘጋል። ደም ጨርሶ ከተቋረጠ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ አንጀቱ ከውስጥ እስከ ውጭ ሊሞት ይችላል።

ሳይንሱ ይህን ለመከላከል ብዙ ለፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1947 ብሩስጎር የተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም በፊንጢጣ በኩል ቱቦ አስገብቶ፣ የታመቀውን አየር በማስተንፈስ፣ ሆድ ሳይከፈት የትልቁን አንጀት ጥምዝ መፍታት እንደሚቻል አሳየ። በ1981 ደግሞ ግሬንጀር፣ ሩቲሊና ማኮርድ በድመቶች ላይ ባደረጉት ጥናት እንግዳ የሚመስል ነገር አሳዩ፦ የሚጎዳው የደሙ መቋረጥ ብቻ ሳይሆን መመለሱም ጭምር ነው። ከደሙ ጋር የሚመጣው ኦክስጅን ሴሎችን የሚያቃጥሉ ውህዶችን ይፈጥራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ መድኃኒት በእንስሳት ላይ ተሞክሯል፤ በሰው ላይ የዘወትር ሕክምና እስከመሆን የደረሰ ግን የለም። ቀዶ ሐኪሞች የጠቆረና የሞተ አንጀት ሲያገኙ ጥምዙን ሳይፈቱ ቆርጠው የሚያወጡትም መርዙ ወደ ሰውነት እንዳይለቀቅ ነው። የሚያጠራጥር ከሆነ በሞቀ ጨው ውኃ በራሰ ጨርቅ ሸፍነው ቀለሙ እስኪመለስ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃሉ።

እንግዲህ ለእኛ የቀረን ዋናው መድኃኒት ሰዓት ነው። የአገራችንን የቀዶ ሕክምና ታሪክም በዚህ ዓይን ማንበብ ይሻላል ባይ ነኝ። ለረጅም ዘመን ቢላዋ የሚይዝ ሐኪም የሚገኘው በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች ነበር። ከገጠር የሚነሳ ሰው ስድስቱ ሰዓት የሚያልቅበት ገና መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ሲጀመር ብዙዎች «ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዴት ሆድ ይከፍታል?» ብለው ነበር። ስጋቱ ይገባኛል። ግን አማራጩ ምን ነበር?

አቃቂ ቃሊቲን እንይ። የባቡር ጣቢያ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የከባድ መኪና ሰልፍ ያለበት የከተማዋ ደቡባዊ በር ነው፤ ከመሀል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከቤጂንግ ኦሎምፒክ በኋላ በቻይና እርዳታ የተሠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ያንን መንገድ አሳጠረው። ሌሊት ሆዱ ተነፍቶ፣ አየር አልወጣ ብሎት የሚያስመልሰው ሠራተኛ ዛሬ እስከ ጥቁር አንበሳ መሄድ የግድ አይሆንበትም። ችግሩ አሁን የሚጀምረው እቤት ነው፤ ጤና አዳም ተጨቅጭቆ፣ ሆድ ታሽቶ፣ «እስኪ ይንጋ» ሲባል።