ከአራዳ ገበያ እስከ ጽንሱ ሕዋስ

የአዲስ አበባ ዋናው የእህል ገበያ ቀድሞ የሚቆመው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ገበያው ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ፤ በአራዳም ላይ ፒያሳ የሚል ስም ተደረበ። የእህል ገበያ ከጽንስ አፈጣጠር ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ለመረዳት ግን ሕክምና ረጅም መንገድ መጓዝ ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1931 ሐኪሟ ሉሲ ዊልስ በቦምቤይ የነፍሰ ጡሮች ደም ማነስ በእርሾ ተዋጽኦ እንደሚድን አሳዩ። ፈዋሹ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1941 ከስፒናች ቅጠል ተነጥሎ ፎሊክ አሲድ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ በ7 አገሮች የተካሄደ የእንግሊዝ ጥናት፣ የነርቭ ዘንግ ክፍተት ያለበት ልጅ ወይም ጽንስ ቀደም ሲል የገጠማቸው እናቶች ከእርግዝና በፊት ፎሊክ አሲድ ቢጀምሩ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

የአሠራሩ አንድ ቁልፍ የተገኘው በሕዋስ ገጽ ላይ ነው። ፎሌት ተቀባይ የተባለው ፕሮቲን ቫይታሚኑን ከውጭ ይዞ ወደ ሕዋሱ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ በሆነ ምርምር፣ ይህ ፕሮቲን የሌላቸው የአይጥ ጽንሶች የነርቭ ዘንጋቸው ሳይዘጋ በማኅፀን ሞቱ፤ ለእናቲቱ ተጨማሪ ፎሌት ሲሰጥ ግን ሊተርፉ ቻሉ። በሩ ቢጠብ እንኳ የምግቡ መትረፍረፍ ጉድለቱን ሊያካክስ እንደሚችል ታየ።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ከ10,000 ወሊዶች በ126ቱ ላይ የነርቭ ዘንግ ክፍተት መገኘቱን ዘግቧል። ዘንጉ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሰጠው እንክብል ለዚህ አደጋ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አጸደቀች። ሆኖም ደረጃው ከፋብሪካ ዱቄት የተጋገረ የፒያሳ ዳቦ የምትገዛውን እናት ሊጠቅም ቢችልም፣ ጤፏን በሰፈር ወፍጮ የምታስፈጭውን አይደርስላትም። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ምክር ከነፍሰ ጡሮች ክፍል ቀድሞ በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል መጀመር ይኖርበታል፤ ለመውለድ ያሰበች ሴት ፎሊክ አሲዱን ማግኘት ያለባት ከመፀነሷ በፊት ነውና።